ጋላክቲካ እንደገና ስትሠራ

«ባትልስታር ጋላክቲካ» የተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያው ሥራ በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው መስከረም 7 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 17 ቀን 1978። በዚያ ምሽት ፊልሙ መሐል ላይ ተቋርጦ ነበር። ምክንያቱም የግብፁ አንዋር ሳዳትና የእስራኤሉ ሜናኸም ቤጊን በፕሬዚዳንት ካርተር ፊት የካምፕ ዴቪድን ስምምነት ሲፈርሙ በቀጥታ ማሳየት ስላስፈለገ ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። የፊልሙ ታሪክም የሚነሣው ከሰላም ስምምነት ነውና፦ የሰው ልጆችና ሳይሎን የተባሉት የብረት ወታደሮች ከሺህ ዓመት ጦርነት በኋላ ሊታረቁ ይቀጣጠራሉ፤ ዕርቁ ወጥመድ ይሆንና አሥራ ሁለት ዓለማት በአንድ ቀን ይወድማሉ። የሐሰቱን ሰላም እያየ የነበረ ተመልካች እውነተኛ ሰላም ሲፈረም አየ፤ ከዚያም ወደ ሐሰቱ ተመለሰ።

እኛ ደብረ ማርቆስ ላይ ያየነው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በቪዲዮ ቤት ነው። ያየነውም ተከታታዩን ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተቀንሶ ለሲኒማ ቤት የተዘጋጀውን ፊልም ነበር። ካሴቱ ከመታየት ብዛት ስለደከመ ምስሉ ከታች በኩል ይንቀጠቀጣል። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ጮክ ብሎ ይተረጉምልን ነበር። የጦር መርከቧ የጋላክቲካ አዛዥ ስም አዳማ መሆኑን ስንሰማ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ የአገራችን ሰው መሰለን። ከሁሉ በላይ የያዘን ግን የሳይሎኖቹ ዓይን ነው፦ በሚያብረቀርቀው የብረት ራሳቸው ላይ፣ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ የምትመላለስ አንዲት ቀይ ብርሃን፣ ከእርሷም ጋር አብሮ የሚመላለስ የሚያጉረመርም ድምፅ። ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አይኖርም ነበር።

ሴራው ሁሉ ገብቶን ነበር ማለት አልችልም። መሠረቱ ግን ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ አይደለም። ከምድሩ የተነቀለ የአሥራ ሁለት ነገድ ሕዝብ፣ የሚመራው አንድ ሽማግሌ፣ ወደማያውቁት አገር የሚደረግ ረጅም ጉዞ፤ ጠፍቶ የቀረ አሥራ ሦስተኛ ነገድም አለ፤ እርሱ የሰፈረባት ምድር የእኛዋ ምድር ናት፤ ፍለጋው እርሷን ነው። የታሪኩ ፈጣሪ ግሌን ላርሰን የሞርሞን እምነት ተከታይ እንደነበረና ብዙውን ነገር ከዚያ እንደቀዳ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ ግን ኦሪት ዘፀአትን ከዋክብት መካከል ያየሁ ነው የመሰለኝ።

ቤተሰቡም ነበር። የአዳማ ታናሽ ልጅ ዛክ ገና በመጀመሪያው ጥቃት ይሞታል፤ አባትየው እያየ፣ ሊረዳው ሳይችል። ታላቁ ልጅ አፖሎ ቦክሲ የተባለ ትንሽ ልጅ ያላትን ሴት ያገባል፤ እርሷ ስትሞትበት ልጁን እንደ ራሱ ልጅ ያሳድጋል። ቦክሲ ውሻው በጥቃቱ ስለጠፋበት ከሐዘኑ እንዲወጣ የብረት ውሻ ይሠሩለታል። ዛሬ ይህንን የሚያይ ሰው የልጆች ነገር ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ አላልፈውም። ዓለሙ ሁሉ ከጠፋ በኋላ ተቀምጠው ለአንድ ሕፃን ውሻ የሚሠሩ ሰዎች ምን እንደሚያድኑ ያውቃሉ።

ሙሉውን ተከታታይ በዲቪዲ ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው። አንድ ሲዝን ብቻ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1979 ቆሟል። ስከፍተው የጠበቅሁት ልጅ ሆኜ ያየሁትን ነበር፤ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። በሲኒማው ፊልም ሕዝቡን የሸጠው ባልታር በሳይሎኖቹ እጅ ይገደላል፤ በተከታታዩ ግን ነፍሱ ትተርፍና እየተመላለሰ ወገኖቹን ያሳድዳል። በ1980 ደግሞ መርከቦቹ ምድር የደረሱበት አሥር ክፍል ያለው ሌላ ተከታታይ ወጣ፤ ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም። እንግዲህ «ዋናው» የምንለው ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት መልክ ነበረው ማለት ነው። አዲሱ ሲመጣ ዋናው ተነካ ብለው ከተቆጡት ጋር አብሬ ያልተቆጣሁት ስለዚህ ነው።

አዲሱ የመጣው በዲሴምበር 2003 ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ምሽት የታየ አጭር ሥራ ሆኖ፣ ቀጥሎም እስከ ማርች 2009 የዘለቀ አራት ሲዝን ሆኖ። የመራው ሮናልድ ሙር ቀደም ሲል ለሌላው የጠፈር ተከታታይ ለ«ስታር ትሬክ» ሲጽፍ የቆየ ሰው ነው። ስሞቹን አስቀርቶ ሰዎቹን ለወጠ። ሲጋራ ከአፉ የማይለየው፣ ቁማር የሚወደው አብራሪ ስታርባክ ሴት ሆነች። ሌላው አብራሪ ቡመርም ሴት ሆነች፤ በዚያ ላይ ሳይሎን። ሳይሎኖቹ ራሳቸው ከሰው የማይለዩ ሥጋና ደም ለበሱ። በመጀመሪያው ላይ አፖሎን ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ ሃች ይህን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር፤ አሮጌው ታሪክ እንዲቀጥል የራሱን ማስታወቂያ ፊልም እስከ መሥራት ደርሷል። ኋላ ግን አዲሱ ውስጥ ገብቶ ቶም ዛሬክ የተባለውን እስረኛ ፖለቲከኛ ሆኖ ተጫወተ። በእኔ እምነት በሕይወቱ ከተጫወተው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሞት ሁለቱንም ፊቱን አስታወስሁ፤ የወጣቱን አፖሎና ሰውን በቃል የሚያነሣሣውን ዛሬክ።

የእናቴ ወንድም መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔን የቆጠሩት በዋሸራ ነው። ፊልም አያዩም፤ እኔን ግን ያዳምጡኛል። አንድ ቀን ቤታቸው ቡና እየጠጣን ሳለ ነገሩን አነሣሁላቸው።

«የኔታ፣ በልጅነቴ የምወደውን ታሪክ ስሙን አስቀርተው ሌላውን ሁሉ ለውጠው ሠሩት።»

ትንሽ ዝም አሉና «ዜማ ነው ወይስ ቅኔ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ዜማ ከሆነ ልጄ፣ አንዲት ምልክት የለወጠ አጥፍቷል። ድጓው ቅዱስ ያሬድ እንዳኖረው ይኖራል። ቅኔ ከሆነ ግን ያጠፋው የደገመው ነው። ቤቱ ያው ነው፤ ጉባኤ ቃናው ሁለት ስንኝ፣ ሥላሴው ስድስት፣ መወድሱ ስምንት። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ይዞ የመጣ ተማሪ ግን ምን ይባላል?»

ምን እንደሚባል ጎጃም ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደገና የተሠራ ነገር ሁሉ ሲያጋጥመኝ በዚህ ጥያቄ ነው የምመዝነው። ሙር የተቀበለው ቤቱን ነው፦ የወደቁ አሥራ ሁለት ዓለማት፣ አንዲት የጦር መርከብ፣ የሸሸ ሕዝብ፣ ምድር የምትባል ተስፋ። ቃሉን ግን የራሱ አደረገ። ዜማ የሆነውን ደግሞ አልነካም። ስቱ ፊሊፕስ ለመጀመሪያው የደረሰው ያ ግርማ ያለው መግቢያ ሙዚቃ በአዲሱ ሁለተኛ ሲዝን አንድ ክፍል ላይ የአሥራ ሁለቱ ዓለማት ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ይሰማል። ሳልጠብቀው ስሰማው ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ።

ከለወጣቸው ሁሉ የሚበልጠው የሳይሎኖቹ አመጣጥ ነው። በአሮጌው ሳይሎኖችን የሠሯቸው ከእኛ ጋር ዝምድና የሌላቸው፣ እንሽላሊት መሰል ፍጥረቶች ናቸው፤ ጠላትነቱም ከውጭ የመጣ መዓት ነው። በአዲሱ የሠራናቸው እኛ ነን። ባሪያ አድርገን ሠራናቸው፤ ዐመፁ፤ ጠፍተው አርባ ዓመት ከቆዩ በኋላ መልካችንን ለብሰው ተመለሱ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ አዲሱን አስቀድማ ስላየች አሮጌው ብዙም አልሳባት። አብረን ስናይ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ የሚጣሉት ክፉ ስለሆኑ ብቻ ነው፤ የአዲሶቹ ግን ቂም ነው፤ ቂም ደግሞ ምክንያት አለው» አለችኝ። ልክ ናት። ቂም የት እንደሚያደርስ ለማወቅ እኛ አገር ፊልም አያስፈልግም። አዳማ በመጀመሪያው ሥራ ላይ በመርከቧ መሰናበቻ በዓል ቆሞ፣ ሰው መትረፍ ይገባው እንደሆነ ራሱን አልጠየቀም ብሎ ሲናገር፣ ያ ጥያቄ አምስት ዓመት ሙሉ ይከተለናል።

ጋላክቲካ የምትተርፍበትም ምክንያት ደስ ይለኛል። መርከቧ አርጅታ ሙዚየም ልትሆን ነው። ሽቦ ያለው ስልክ ነው ያላት፤ አዳማ ኮምፒውተሮቿ እርስ በርስ እንዲያያዙ ፈጽሞ አልፈቀደም። ሳይሎኖቹ የሌሎቹን መርከቦች መከላከያ በኮምፒውተር በኩል ገብተው ሲያጠፉ የእርሷን ግን መግቢያ አጡ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት ተከታታዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሃርድ ዲስክ ደግሜ አየሁት። በዚያ ወቅት ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

በፕሬዚዳንቷ መርከብ ውስጥ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለ። ፕሬዚዳንቷ ሎራ ሮዝሊን የትምህርት ሚኒስትር ነበረች፤ በሥልጣን ተዋረድ 43ኛ። ከእርሷ በላይ ያሉት ሁሉ ስላለቁ፣ ካንሰር እንዳለባት በሰማችበት ዕለት ቃለ መሐላ ትፈጽማለች። በሰሌዳው ላይ በሕይወት የቀረው የሰው ልጅ ቁጥር በእጅ ተጽፏል፤ ሃምሳ ሺህ አካባቢ። ሰው በሞተ ቁጥር ይጠፋና ተቀንሶ ይጻፋል። «33» የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2005 ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎን ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ላይ ሳይሎኖቹ በየሠላሳ ሦስት ደቂቃው እየደረሱባቸው ከአምስት ቀን በላይ አልተኙም። ሰው ቆሞ ያንቀላፋል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ቀላል ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ካልተነገረው አይገባውም። ከዚያ አንዲት የሲቪል መርከብ ጠላትን እየመራች ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ከሺህ በላይ ሰው ጭና ሳለ የራሳቸው አብራሪዎች እንዲመቷት ይታዘዛሉ። ይመቷታልም። በክፍሉ መጨረሻ ሮዝሊን አንድ ሕፃን እንደተወለደ ይነገራታል፤ ወደ ሰሌዳው ሄዳ በቁጥሩ ላይ አንድ ትጨምራለች። ከዚህ የሚበልጥ ነገር በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም አላየሁም።

መተላለፊያውም አለ። በጋላክቲካ ጠባብ ኮሪደር ግድግዳ ላይ የጠፉ ሰዎች ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ የልጅ፣ የሙሽራ፣ የወታደር፤ ከሥር ሻማ፣ ደብዳቤ፣ የደረቀ አበባ። ጦርነት የሄደ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል። የሟቹን ፎቶግራፍ ታቅፈው በሚያለቅሱበት አገር ላደገ ሰው ይህን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። አሮጌው ተከታታይ ይህንን ይዘለዋል። አሥራ ሁለት ዓለማት ከጠፉ ብዙም ሳይቆይ ስደተኞቹ የቁማር ቤት ያለባት ፕላኔት ላይ ሲዝናኑ እናያለን። የምወደው ፊልም ነው፤ ያቺ ትዕይንት ግን በልጅነቴም ከብዳኛለች።

ሦስተኛው ሲዝን ሲጀምር ሳይሎኖቹ ሰዎቹ የሰፈሩባትን ፕላኔት ኒው ካፕሪካን ይዘዋል፤ የምንወዳቸው ሰዎች በፖሊስ ምረቃ ላይ ሰውነታቸው ላይ ቦምብ ታጥቀው የሚገቡትን ይልካሉ። ይህ በአሜሪካ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጦራቸው ኢራቅ ውስጥ እያለ ነው። በዚያን ጊዜ ይህን ለገዛ ተመልካቻቸው ማሳየታቸው ድፍረት ነው፤ አከብራቸዋለሁ። ያን ያህል ጨለማ ግን ከየክፍሉ ሁሉ ይገባ ነበር ወይ? በአዲሱ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አብሮ ቁጭ ብሎ ያለ ጥርጣሬ እራት ሲበላ ያየሁበትን ጊዜ ፈልጌ ለማግኘት እቸገራለሁ። አዳማና ልጁ ሲነጋገሩ ሁልጊዜ የቆየ ቁርሾ አለ፤ ጓደኛ ከጓደኛው ተደብቆ ይጠጣል፤ ደስታ ሲመጣ ቀጥሎ የሚሞተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው የምንጠብቀው። አሮጌው ስለ ሞት ዋሽቶ ስለ ፍቅር እውነት ተናገረ፤ አዲሱ ስለ ሞት እውነት ተናግሮ ፍቅርን ሰሰተ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ አላገኘሁም።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ ቅሬታዬ ያለው እዚያ ነው። ጋላክቲካ ጉዞዋን የምትጨርሰው በእኛ ምድር ነው፤ ከዛሬ 150,000 ዓመት በፊት፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ። ተሳፋሪዎቹ ሣር ባለበት ሜዳ ላይ ወጥተው ጦር የያዙ የአገሩን ሰዎች ከሩቅ ያያሉ። ገና ቋንቋ እንኳ የላቸውም ይባላል። ከዚያም ሥልጣኔያቸውን ሁሉ ትተው፣ መርከቦቻቸውን ወደ ፀሐይ ልከው፣ በየአህጉሩ ሊበተኑና ለእነዚህ ሰዎች ከራሳቸው የተሻለውን ሊያካፍሉ ይስማማሉ። ከሰውና ከሳይሎን የተወለደችው ሕፃን ሄራም የዛሬው የሰው ዘር ሁሉ የእናት ሐረጉ የሚመዘዝባት ሴት ሆና ትቀራለች፤ አጥንቷ ታንዛንያ ውስጥ ተገኘ ይሉናል።

የእህቴ ልጅ ይህን ፍጻሜ ትወደዋለች፤ «ሁላችንም ከሁለቱም ነን ማለቱ እኮ ነው፣ ጋሼ» ትለኛለች። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ያማረ ሐሳብ ነው። እኔ ግን የኢትዮጵያ ሰው ነኝና ያንን ሜዳ ባዶ አድርጌ ማየት አልችልም። በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ ሄርቶ ከተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1997 የተገኙት የሰው የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ገደማ ናቸው፤ ጥናቱን ከመሩት አንዱ የእኛው ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ናቸው። ግኝቱ ለዓለም የተነገረው በ2003 ነው፣ ልክ ይህ ተከታታይ በተጀመረበት ዓመት። በደቡብ የአገራችን ክፍል ኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የሰው ቅሪቶች ደግሞ በ2005 በተደረገው ጥናት 195,000 ዓመት ተባሉ፤ በ2022 የወጣው ጥናት ከ230,000 የማያንስ ነው አለ። ጋላክቲካ በደረሰችበት ዘመን እንግዲህ በእኛ በኩል የሚኖሩት እንደ እኛው ሰዎች ናቸው፤ ያውም የቆዩ ሰዎች።

ከሄርቶ ቅሎች አንዱ የሕፃን ነው፤ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው። ቅሉ ላይ ከሞተ በኋላ በድንጋይ ስለት የተሠሩ ጭረቶች አሉ፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጅ ሲነካ እንደኖረ ዕቃ ለስልሷል። አጥኚዎቹ ይህን የቀብር ሥርዓት ምልክት ነው ብለው ያዩታል። ለረጅም ጊዜ የሕፃኑን ራስ ያቆየ፣ ያነሣው፣ የዳበሰው ሰው ነበር ማለት ነው። ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ ለጥፈው በሻማ የሚያለቅሱት የጋላክቲካ ሰዎች ይህንን ሰው ሣር ውስጥ ሆነው ከሩቅ አይተው ቋንቋ የለውም አሉ። አንድ ሕፃን ሲወለድ ሰሌዳ ላይ አንድ የጨመረ ሥራ እዚህ ሲደርስ መቁጠር አቆመ። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በመጥፎ ፊልም ላይ ቢሆን ግድ አይኖረኝም ነበር፤ ይህ ግን እያንዳንዱን ሰው የቆጠረ ፊልም ነው።

ሳይንሱም ቢሆን እንዲህ አይልም። በእናት ሐረግ የምንገናኝባት ሴት በዘመኗ ብቻዋን አልነበረችም። ብዙ ሴቶች አብረዋት ኖረዋል፤ ከእነርሱም የወረስነው ብዙ ነው፤ የሴት ልጅ ሐረጋቸው ብቻ በየዘመኑ እየተቋረጠ ቀረ። ሄራ ያንን ስም ብታገኝ እንኳ በዙሪያዋ የነበሩት የእኛ አያቶች መሆናቸው አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ታሪኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሠራ እንደሆነ ተነግሮ ነበር። ይሠራ እላለሁ፤ የመሪጌታ ልጅ የሆነ ሁሉ ይሠራ ይላል። ከአሮጌው የቦክሲን ውሻ ይውሰዱ፤ ከአዲሱ ሰሌዳውን፤ ሙዚቃውን አይንኩብን። መርከቢቱ አፍሪካ የምትደርስ ከሆነ ደግሞ ፕሬዚዳንቷ ሣሩ ውስጥ አትተኛ። ተነሥታ ትሂድ፤ ስማቸውን ትጠይቃቸው፤ የሚመልሱላት ካልገባት እስኪገባት ድረስ አብራቸው ትቀመጥ።